ዛሬ ስንት ሰዓት ይመሻል? ለከተማ ዳር ነዋሪ የማምሻ ሰሌዳ አሠራር

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ ለገጣፎ። ሥራችን መሐል አዲስ አበባ፣ ቤታችን ከተማው ዳር የሆነ ሰዎች ብዙ ነን። ከአስፋልት ወርደን ወደ ቤት የምንገባበት ኮረኮንች መንገድ ብዙ ጊዜ መብራት የለውም። ያለውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ "ዛሬ ስንት ሰዓት ይመሻል?" የሚለው ጥያቄ ለእኛ የወሬ ማሟሻ አይደለም። ከቢሮ መውጫ ሰዓታችንን ይወስናል፣ ልጆች ከጨዋታ የሚጠሩበትን ይወስናል፣ ስጥ የሚነሳበትንም ይወስናል።

ስልክ ላይ አንድ ቁጥር ይገኛል፤ ለምሳሌ 18፡35። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን ብዙ አይረባም። ከፊታችሁ ምን ተራራ እንዳለ አያውቅም። ሰማዩ መደመኑን አያውቅም። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ስንት ደቂቃ ሳትሰናከሉ መሄድ እንደምትችሉም አይነግራችሁም። ይህን ሁሉ በራሳችሁ ማውጣት ይቻላል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና የራሳችሁ እጅ ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ስልኩን አስተካክሉ

የስልኩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን እዩ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ አጥፉት፤ አንዳንድ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ሌላ አገር ያላችሁ ይመስለውና የዚያን አገር ጀምበር ያሳያችኋል። ከዚያ 6 ቀንሱ። 18፡35 ማለት የእኛ 12፡35 ነው። 19፡11 ከሆነ 13፡11 ይመጣል፤ ምሽት 1፡11 ማለት ነው። ዝርዝሩ ይኸው ነው፣ እንለፍ።

2. መነሻ ቁጥሩን ያዙ

ቀጥሎ ያለው ለአዲስ አበባ የተሰላ የጀምበር መጥለቂያ ነው። ሁሉም ከምሽቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አንድ ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል።

መስከረም 1 – 12፡28
ጥቅምት 1 – 12፡11
ህዳር 1 – 12፡01
ታህሳስ 1 – 12፡06
ጥር 1 – 12፡21
የካቲት 1 – 12፡33
መጋቢት 1 – 12፡36
ሚያዝያ 1 – 12፡35
ግንቦት 1 – 12፡36
ሰኔ 1 – 12፡43
ሐምሌ 1 – 12፡49
ነሐሴ 1 – 12፡45
ጳጉሜ 1 – 12፡31

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ፀሐይን ስለሚከተል ይህ ሰሌዳ በየዓመቱ ያገለግላል። በየ4 ዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜ 6 ቁጥሩን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታንቀሳቅሰውም። አንዴ ከጻፋችሁት ዓመት ዓመት መፈለግ የለም።

አሁን ሰሌዳውን ረጋ ብላችሁ እዩት። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ 48 ደቂቃ ብቻ ነው። ግን በእኩል አይከፋፈልም። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ባለው አንድ ወር ብቻ 17 ደቂቃ ይቀንሳል፤ በሳምንት 4 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ከመስቀል በኋላ "ምን ሆኖ ነው ቶሎ የሚመሸው?" የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው አይሳሳትም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ደግሞ ሰዓቱ ቆሞ የቀረ ይመስላል፤ ሦስት ወር ሙሉ ከ12፡33 እስከ 12፡36 ባለው ውስጥ ይመላለሳል።

ሌላም ነገር አለ። የዓመቱ አጭር ቀን ታህሳስ 12 አካባቢ ነው። ቶሎ የሚመሸው ግን ያኔ አይደለም፤ ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ፣ ህዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትውልበት ሰዓት ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ምድርም አዘንብላ ነው የምትሽከረከረው። ሁለቱ ተደማምረው ቀትርን ወዲያና ወዲህ ይገፏታል። አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው ቀትር በጥቅምት መጨረሻ 6፡09 ሲሆን፣ በየካቲት መጀመሪያ 6፡39 ይደርሳል። የግማሽ ሰዓት ልዩነት ነው። ስለዚህ በታህሳስና በጥር ቀኑ አጭር ቢሆንም መላው ቀን ወደ ምሽት ተገፍቷል፤ ጠዋት ዘግይቶ ይነጋል፣ ማታም ከህዳር ዘግይቶ ይመሻል። በጥር ልጆች ለትምህርት ቤት ሲነሱ ገና ጨለማ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀትር ለምን ልክ 6 ሰዓት ላይ አይሆንም የሚል ካለ፣ ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ናት። አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። በአማካይ 25 ደቂቃ ወደኋላ ነን።

3. ለከተማችሁ አርሙት፤ ግን ብዙ አትድከሙ

በእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አንድ ደቂቃ ይቀይራል። ሰንዳፋና ቢሾፍቱ ከመሐል አዲስ አበባ አንድ ደቂቃ ያህል ይቀድማሉ። ሆለታ አንድ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሱሉልታ በቀጥታ ሰሜን ስለሆነች ልዩነት የላትም ቢባል ይቀላል። ሰበታም ግማሽ ደቂቃ ብትሆን ነው። "የከተማዬ ትክክለኛ ሰዓት" እያሉ አምስት ድረ ገጽ ማገላበጥ ድካም ብቻ ነው። ወደ ሩቅ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል፤ ሐረር ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመሻል፣ ጋምቤላ 16 ወይም 17 ደቂቃ ዘግይቶ።

4. ተራራውን በእጃችሁ ለኩ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ሜዳ ብቻ አይደለም። ሰሜን እንጦጦ አለ፣ ምዕራብ ወጨጫ፣ ደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ደቡብ ምሥራቅ የረር። የስልኩ ቁጥር ግን ከፊታችሁ ባሕር የመሰለ ሜዳ ተዘርግቷል ብሎ የሚያስብ ቁጥር ነው።

አለካኩ ይሄ ነው። ወደ ምዕራብ ዙሩ። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ወደፊት ዘርጉ። ትንሿ ጣት በጎኗ አንድ ዲግሪ ያህል ትሸፍናለች። የመሐል ሦስቱ ጣቶች ተጋጥመው 5 ዲግሪ ያህል፣ የተጨበጠ ጡጫ ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ነው። የልጅ ጣት ቀጭን ቢሆንም ክንዱም አጭር ስለሆነ ውጤቱ ብዙ አይለያይም። የተራራው ጫፍ ከሜዳው መስመር ስንት ጣት ከፍ ይላል? ሜዳው ካልታያችሁ በዓይናችሁ ትይዩ ካለው ልክ ጀምሩ። ያገኛችሁትን ዲግሪ በ4 አባዙ። ያ ፀሐይ ከሰሌዳው ቀድማ የምትሰወርበት ደቂቃ ነው።

ይህ ሒሳብ እኛ አገር በደንብ የሚሠራው ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። አውሮፓ ውስጥ ፀሐይ ጎን ለጎን እየሄደች ስለምትወርድ ይሄ ስሌት አያዋጣም።

በምሳሌ እንየው። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ጫፉ ከምትቆሙበት ቦታ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ፣ እናንተ 12 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ፣ ተራራው ወደ 5 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሦስት ጣት። 20 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ስልኩ 12፡45 ሲል እናንተ ጋ ፀሐይዋ 12፡25 ላይ ሄዳለች።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትጠልቅም። መጋቢት 11 እና መስከረም 13 አካባቢ በትክክል ምዕራብ ትጠልቃለች። ሰኔ 14 አካባቢ ከምዕራብ 24 ዲግሪ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ታህሳስ 12 አካባቢ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጡጫ የሚጠጋ ስፋት ነው። ስለዚህ በክረምት ተራራ የሚጋርደው ሰፈር በህዳር ሜዳ ላይ ሊጠልቅለት ይችላል። ከአለም ገና በኩል ላለ ሰው ወጨጫ ወደ ሰሜን ምዕራቡ ስለሚያጋድል የሚጋርደው ይበልጥ በክረምት ነው። እንግዲህ ሦስት ቦታ ለኩ፤ ቀጥታ ምዕራብ፣ ከዚያ ሁለት ጡጫ ተኩል ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጡጫ ተኩል ወደ ግራ። ሦስት ቁጥር ጻፉ። የግራው ለህዳርና ታህሳስ፣ የቀኙ ለሰኔና ሐምሌ ነው። በጀምበር ላይ ዓይን ተክሎ መለካት አያስፈልግም፤ ጠዋት ላይ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ብትለኩት ይሻላል።

ተራራ ማዶ መግባት ማለት ግን ጨለመ ማለት አይደለም። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ መንገዱ ይታያል። የሚጠፋው ቀጥተኛው ጨረር ነው። ስለዚህ ስጥ ያሰጣ፣ ልብስ ያሰጣ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው ተራራውን መቀነስ አለበት። ብርድ የሚፈራም እንዲሁ፤ በህዳርና በታህሳስ የሱሉልታ ሜዳ ጨረሩ እንደሄደ ይቀዘቅዛል፣ ለሊት ውርጭ አለ። በእግር የሚገባ ሰው ግን ተራራውን ይርሳው። የእሱ ሒሳብ ቀጥሎ ያለው ነው።

ለጿሚም ይኸው ነው። ፀሐይ ከወጨጫ ጀርባ ስለገባች መግሪብ ደረሰ ማለት አይደለም፤ የመስጊዳችሁን አዛን ተከተሉ። በነገራችን ላይ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲትና መጋቢት አካባቢ ስለሚውል፣ ያ ቆሞ የቀረው ሰዓት ላይ ነው ያረፈው። ኢፍጣር ወሩን ሙሉ 12፡35 አካባቢ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ሲሄድ ግን ሰዓቱም ወደ 12፡20ዎቹ መውረዱ አይቀርም።

5. ከጀምበር እስከ ጨለማ ያለውን ጨምሩ

ሦስት ደረጃ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ሲቪል፣ ኖቲካል፣ አስትሮኖሚካል ይሏቸዋል፤ ፀሐይ ከአድማስ በታች 6፣ 12 እና 18 ዲግሪ ስትወርድ ማለት ነው።

ለአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያው ከጀምበር መጥለቅ ከ21 እስከ 23 ደቂቃ በኋላ ይመጣል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የምንለው ሰዓት ነው። 22 ብላችሁ ያዙት፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ጉድጓዱን ታያላችሁ፣ የሚመጣውን ሰው ትለያላችሁ። ከዚህ በኋላ ባትሪ ያስፈልጋል። ለእግረኛ ዋናው ቁጥር ይሄ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጥቁር የለበሰ ሰው ለሾፌር የማይታየው ግን ከዚያም ቀድሞ ነው። አስፋልት ዳር የምትሄዱ ከሆነ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ነጣ ያለ ነገር ልበሱ።

ሁለተኛው ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ላይ ነው። የሰማዩ ጠርዝ ብቻ ወገግ ይላል፤ መሬት ላይ ያለው ሁሉ ጠቁሯል። ሦስተኛው ከ70 እስከ 77 ደቂቃ ላይ ነው፤ ያኔ ድቅድቅ ይላል። ከዋክብት ማየት የሚፈልግ ከዚህ በኋላ ይውጣ፤ ለእኛ ለከተማ ዳሮች ከቦሌ ሰው የምንበልጥበት አንድ ነገር ይሄ ነው። ለዒሻ ሰዓትም የሚታየው ይኸው የመጨረሻው ወጋገን መጥፋት ነው።

እንዲህ ፈጥኖ መጨለሙ የእኛ የሐሩር ክልል ጠባይ ነው። ለንደን ውስጥ በሰኔ ለሊቱን ሙሉ ድቅድቅ አይልም። ውጭ አገር ኖረው የመጡ ዘመዶች "አሁን ከመጥለቋ እንዴት ጨለመ?" የሚሉት እውነታቸውን ነው።

6. ክረምቱን ቀንሱ

ሰሌዳው ሐምሌ ላይ 12፡49 ይላል፤ በዓመቱ እጅግ ዘግይቶ የሚመሽበት። ሐምሌ ላይ እንዲያ ሲሆን ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከባድ ደመና ብርሃኑን ክፉኛ ይቀንሰዋል። እኔ ሰማዩ ጥቁር ሲል ከለዓይን ያዙ 10 ደቂቃ እቀንሳለሁ፤ ዝናብ ካለ 15። እንጦጦ ጀርባ ጉም ከወረደ ደግሞ ቁጥር አይሠራም፤ በጊዜ መግባት ነው። ጥቅምትና ህዳር በተቃራኒው ቶሎ ይመሻል እንጂ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ይታመናል።

7. አንድ ማታ ውጡና አረጋግጡ

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ቢቻል መብራት በጠፋበት ማታ፣ ከቤታችሁ ፊት ቁሙ። የስልካችሁን ብርሃን ዝቅ አድርጉት፤ ደማቅ ስክሪን ያየ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። አራት ሰዓት መዝግቡ፤ ጥላችሁ የጠፋበትን፣ ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ማንበብ ያቃታችሁን፣ የመንገዱ ድንጋይ ከአፈሩ መለየት የቆመበትን፣ ደብዛዛዎቹ ከዋክብት የሞሉበትን። የመጀመሪያው ከተራራ ሒሳባችሁ ጋር መግጠም አለበት። ሦስተኛው ከ22 ደቂቃው ጋር ይቀራረባል። በ5 ደቂቃ ቢለያይ ዓይናችሁን እመኑ እንጂ እኔን አትመኑ። ዓይናቸው የደከመ አባትና እናት ካሉ አብረዋችሁ ይውጡ፤ የእነሱ ሦስተኛ ሰዓት ከእናንተ ይቀድማልና ቁጥሮቹን በምትጽፉበት ካርድ ላይ ለብቻው ይጻፍ።

8. ጨረቃን አትርሷት

ሙሉ ጨረቃ ጀምበር ስትጠልቅ አካባቢ በምሥራቅ ትወጣለች። ከዚያ በየማታው 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ ሙሉ ከሆነች በኋላ በሦስተኛው ማታ የምትወጣው 3 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ጨለማ ነው። በተቃራኒው ግማሽ ሆና ወደ ሙላት ስትሄድ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ጨረቃ አናት ላይ ናት፤ እስከ እኩለ ለሊት መንገድ ታበራለች። በአጭሩ ከግማሽ እስከ ሙሉ ያለው ሳምንት የእግረኛ ሳምንት ነው። ዘግይቶ የሚያልቅ ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም የዕድር ስብሰባ ቀን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ እዚያ ላይ አድርጉት። የድሮ ሰው ይህን ሳይጻፍለት ያውቅ ነበር።

9. ወደኋላ ቆጥራችሁ መነሻ ሰዓት አውጡ

ለአንድ የሱሉልታ ሰው እናስላ። ታክሲ የሚይዘው አዲሱ ገበያ ነው። ቀኑ ህዳር 6 ነው እንበል። ጀምበር 12፡01፤ ለዓይን ያዝ 12፡23። ከአስፋልት እስከ ቤቱ 15 ደቂቃ በእግር ነው። ስለዚህ ከታክሲ መውረድ ያለበት 12፡08 ላይ ነው። ሰልፉና መንገዱ አንድ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅበት ከሆነ አዲሱ ገበያ 10፡53 ላይ መቆም አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ይህን አይደርስበትም። እንግዲህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታህሳስ መጨረሻ ባትሪ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተቀጣጥሮ አብሮ መግባት፣ ወይም ለባጃጅ መክፈል። ጅብ ባለበት ሰፈር የመጨረሻው ሁለት ተመራጭ ነው።

ያው ሰው ሐምሌ 1 ቀን ቢሆን? 12፡49 ሲደመር 22፣ ምሽት 1፡11 ይሆናል። ለደመና 10 ሲቀነስ 1፡01። ከአዲሱ ገበያ 11፡31 ላይ ቢነሳ ይደርሳል። ሰልፉ በዝናብ ስለሚረዝም ግን እውነተኛው ልዩነት ከወረቀቱ ያንሳል።

ካርዱን በሩ ጀርባ ለጥፉት። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ወር፣ ጀምበር፣ ተራራ ሲቀነስ፣ ለዓይን ያዝ፣ ከቢሮ መውጫ። በወሩ 1 እና 15 ያለውን ብቻ ጻፉ፤ መሐሉን በግምት ሙሉት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን በየሳምንቱ ይጻፍ፤ ያኔ ሰዓቱ ስለሚሮጥ። የልጆች መግቢያ የሚወሰነው ከአራተኛው ዓምድ ላይ 20 ደቂቃ ተቀንሶ ነው፤ ሲጠሩ ወዲያው አይመጡምና።